ከባሕር ዳር ጎንደር፦ በአየር 112 ኪሎ ሜትር፣ በትኬት 750

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የከተሞችን ርቀትና የበረራ ሰዓት የሚያሰሉ ገጾች ላይ ባሕር ዳርንና ጎንደርን ብታስገቡ፣ ርቀቱ 112 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራው ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ከፍ የሚል እንደሆነ ወዲያው ይነግሯችኋል። ይህን አይቶ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ጠዋት ባሕር ዳር ቁርሱን በልቶ፣ ቀን ፋሲል ግቢን አይቶ፣ ማታ ተመልሶ ጣና ዳር የሚቀመጥ ይመስለዋል። እኛ ግን እናውቀዋለን። የመኪናው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም ክፍት ሲሆን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል፣ ሲከፈትም ያሰጋል። ያን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ትኬት በአዲስ አበባ በኩል የሚዞረው ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር 334 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር 419 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጣናን ለመሻገር ብለን ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ እንበራለን ማለት ነው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። መንገዱ እስኪረጋጋ ድረስ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ቢሆን፣ ሁለቱን ከተሞች በቀጥታ የሚያገናኝ በረራ መኖር አለበት። ትስማማላችሁ?

መልሶቹ በዝተው ገጽ ስላለፉና አንዳንዶቹም ስለተሰረዙ፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር በተራ ቁጥራቸው እያነሳሁ ከዚህ በታች አስቀምጫቸዋለሁ። የራሴንም ሐሳብ በየመሃሉ አስገባለሁ።

መልስ 1

የጎንደር ልጅ ናት፤ ሥራዋ ባሕር ዳር ነው። ከሰላምታና ከምርቃት ጀመረች። ለአክስቷ ልጅ ሰርግ ትኬት ቆርጣ በአዲስ አበባ በኩል ስትዞር የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው አመለጣት። ቦሌ አካባቢ ዘመድ ቤት አድራ፣ በማግስቱ ጎንደር ስትገባ የደረሰችው ለሰርጉ ሳይሆን ለመልሱ ነው። ያወጣችው ገንዘብ ሳይሆን እናቷ በር ላይ ቆመው መጠበቃቸው እንዳሳዘናት ጽፋለች። ቀጥታ በረራ ቢኖር በወር አንዴ እንደምትመላለስበትም አስታወቀች።

መልስ 2

ተስማማ፣ አመሰገነ፣ ወጣ።

መልስ 3

ካርታና ልኬት ሙያው የሆነ ሰው ነው፤ ለክሩ፣ ማለትም ለዚህ ውይይት፣ ትልቅ ነገር ጨመረ። 112 ኪሎ ሜትር የሚባለው ከከተማ መሃል እስከ ከተማ መሃል በቀጥታ መስመር ሲለካ እንደሆነ አስረዳ። አውሮፕላን የሚነሳውና የሚያርፈው ግን ከተማ መሃል አይደለም። የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በስተደቡብ በአዘዞ በኩል ስለሆነ፣ ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ያለው ርቀት ወደ 102 ኪሎ ሜትር ይወርዳል።

የበረራ ሰዓቱ ከየት እንደሚመጣም ነገረን። ብዙዎቹ ገጾች ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ የጄት ፍጥነት አካፍለው፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይደምሩበታል። ስለዚህ ለየትኛውም ሁለት ነጥብ መልስ አላቸው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል የሚበር አውሮፕላን ስለመኖሩ ግን ስሌቱ ውስጥ ምንም የለም። ከክሩ ሁሉ ይህን ነጥብ ብዙ ሰው እንዲያነበው እፈልጋለሁ፤ ከውጭ የሚመጡ ወገኖቻችን ጉዟቸውን የሚያቅዱት በእነዚህ ገጾች ነውና።

መልስ 4

112ቱ በመኪና ለምን 180 እንደሚሆን የጠየቀ ሰው ስለነበረ (ጥያቄው ኋላ ላይ ተሰርዟል) መልስ 4 ያንን ይመልሳል። ጎንደር ከባሕር ዳር ማለት ይቻላል ቀጥ ብሎ በስተሰሜን ነው። በመሃል የተኛው ጣና ነው፤ ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሐይቅ። መንገዱ ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ይዞረዋል፤ ከአባይ ድልድይ ተነስቶ በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በእንፍራንዝ፣ በማክሰኚት አድርጎ አዘዞ ይደርሳል። አዲስ ዘመን ላይ ስንሆን ከቀጥታው መስመር ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥተናል።

መልስ 5

ይህ ሹፌር ነው፤ በዚያው መስመር ሚኒባስ የሚነዳ። ጽሑፉ ነጥብና ሰረዝ የለውም፣ ግን ከእሱ የተማርኩት ይበዛል። ከባሕር ዳር ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ሰው፣ ሰላም ከሆነ፣ 3 ሰዓት ላይ ጎንደር ይገባል። እስከ አዲስ ዘመን ያለው የፎገራ ሜዳ ነው፤ ማርሽ ሳይቀይሩ የሚነዳበት። ከዚያ ወዲያ ዳገቱና ጠመዝማዛው ይጀምራል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራ ይጥለቀለቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ከብትና ጋሪ መንገዱን ይጋሩታል። አሁን የተጨመረው የኬላው ፍተሻ ነው፤ ሦስት ሰዓቱ አምስትም ስድስትም ይሆናል። ማታ መንዳት ድሮም አይወድም፣ አሁን ጭራሽ አይሞክረውም። መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት መኪናው መናኸሪያ ቆሞ የባንክ ዕዳው እንደሚቆጥርበትም ጽፏል። ክሩን የከፈትኩት ስለ አውሮፕላን ቢሆንም፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲጽፍ መንገዱ የማን እንጀራ እንደሆነ ይታወሰኛል።

መልስ 6 እና 7

ስድስተኛው በጀልባ መሄድ ለምን እንደማይታሰብ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሐይቁ በመሃል እያለ ሐይቁን መዞር ለሚያይ ሰው ያስገርማል። ሰባተኛው ጎርጎራ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ በዝርዝር መለሱለት። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በውኃ በቀጥታ ቢለካ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎርጎራ ጎንደር ደግሞ በመኪና ወደ 60 ኪሎ ሜትር። በሳምንት አንድ ጊዜ የምትሄደዋ የሕዝብ ጀልባ በየደሴቱና በየወደቡ እየቆመች፣ እህልና በግ እየጫነች፣ ቁንዝላ አድራ በማግስቱ ነበር ጎርጎራ የምትደርሰው። እሳቸው በልጅነታቸው በዚያች ጀልባ ትምህርት ቤት ሄደዋል። ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ የወረረው እምቦጭ ለጀልባና ለአሣ አስጋሪ ምን ያህል ፈተና እንደሆነም ጨምረዋል። ፈጣን ጀልባ በቋሚ ሰዓት ቢመደብ ከአውሮፕላን ይልቅ ለሕዝብ ይጠቅማል የሚል እምነት አላቸው። እኔም ይህን ሐሳብ አከብራለሁ። ሐይቁን በቋሚነት በአጭር ሰዓት የሚያሻግር ጀልባ ካለ የአውሮፕላኑን ጥያቄ ለመተው ዝግጁ ነኝ።

መልስ 8፣ 9፣ 10

እዚህ ላይ ክሩ ትንሽ ተንሸራተተ። ስምንተኛዋ ቁርስ ወረታ ይሻላል ወይስ አዲስ ዘመን ብላ ጠየቀች። ዘጠነኛው ወረታን መረጠ፤ ከዚያም ስለ ፎገራ ሩዝ፣ ስለ ሽንኩርቱና ስለ ቲማቲሙ፣ ከመንገዱ ዳር ስለሚሸጠውም ረዥም ጽሑፍ ጻፈ። አሥረኛው ተቆጣ። ሰው መንገድ ተዘግቶበት በተቸገረበት ጊዜ ስለ ቁርስ መጻፍ ነውር እንደሆነ ገለጸ። ስምንተኛዋ ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። እኔ ግን አልተቀየምኳትም። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ሁላችንም የምንጠይቀው ይህንኑ ነበር።

መልስ 11

ጡረታ የወጡ የአቪዬሽን ባለሙያ ናቸው። በትሕትና ጀምረው የእኔን አቋም ግን በእርጋታ ሞገቱት። የአገር ውስጥ መስመሮች ላይ የሚሠራው ኪው400 የተባለው አውሮፕላን በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ከባሕር ዳር አዘዞ ያለውን 102 ኪሎ ሜትር በዚያ ፍጥነት ቢሄድ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ነገር ግን ፍጥነቱ ላይ ሳይቆይ መውረድ ይጀምራል። መንደርደሪያ ላይ መሄዱ፣ መነሳቱ፣ መውጣቱ፣ መውረዱ፣ አቅጣጫ ይዞ ማረፉ ሲደመር ሃያና ሃያ አምስት ደቂቃ ይሆናል።

ዋጋው ያለው እዚያ ላይ ነው አሉ። ነዳጅ የሚበላው መውጣቱ ነው። የሠራተኛው ቡድን ያው ነው፣ የማረፊያ ክፍያው ያው ነው፣ የመሬት አገልግሎቱ ያው ነው። ሞተሩና አካሉ የሚጠገነው በበረረበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በተነሳና ባረፈ ቁጥር ጭምር እየተቆጠረ ነው። ስለዚህ ርቀቱ በሦስት እጅ ስላነሰ ትኬቱ በሦስት እጅ አያንስም። አየር መንገዶች ሁሉን በረራ ወደ አንድ ማዕከል የሚሰበስቡትም ለዚህ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የተሳፈረው ሰው ጎንደር ብቻ ሳይሆን ጅማም፣ ድሬዳዋም፣ ዋሽንግተንም ሊሄድ ይችላል።

መልስ 12 እስከ 15

ክርክሩ የጋለው እዚህ ነው። አሥራ ሁለተኛው ከፈረንሳይ የጻፈ ነው። እዚያ አገር በ2023 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣ ደንብ፣ ባቡር በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ በሚያደርስበት መስመር ላይ የአገር ውስጥ በረራ መከልከሉን አስታወሰ። ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ናንት፣ ወደ ሊዮንና ወደ ቦርዶ የነበሩት በረራዎች በዚህ ቀርተዋል። ዓለም አጭር በረራን እየተወ እኛ መጠየቃችን ኋላ ቀርነት እንደሆነ ጻፈ።

አሥራ ሦስተኛዋ አልማረችውም። እንኳን በሁለት ሰዓት ተኩል የሚያደርስ ባቡር፣ ባሕር ዳርም ጎንደርም የሚደርስ ሐዲድ ጭራሽ እንደሌለ፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ኬላ ላይ ለሚያድር ሰው ስለ አየር ንብረት መስበክ ድፍረት እንደሆነ ነገረችው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሯ ስድብ ስለነበረበት አልደግመውም።

አሥራ አራተኛው ደግሞ ወደ እኔ ዞረ። በረራ የጠየቅኩት ለባለገንዘብ ነው፤ በፎገራ ሜዳ በእግሩ የሚሄደው ገበሬ ከዚህ ክር ምን ያገኛል የሚል ነው ነገሩ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ቁጣውም ይገባኛል። መልሴን እዚያው ጽፌለታለሁ። ትኬቱን የማይገዛ ሰውም የሚተርፈው ነገር አለ። ደም፣ መድኃኒት፣ ናሙና፣ የተላከ ሐኪም በዚያው አውሮፕላን ይሄዳል። ይህ ግን ከአፌ ሳይሆን ከአሥራ አምስተኛዋ ቢሰማ ይሻላል።

አሥራ አምስተኛዋ የጻፈችው አጭር ነው። እናቷ ባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው፣ የሚያስፈልጋቸው ሐኪም ጎንደር ስለሆነ ወደዚያ ተላኩ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ቤተሰቡ ለሁለቱ በረራ ብር እስኪያሰባስብ ቀናት አለፉ። እናቷ በሕይወት አሉ፤ ግን በጊዜ ቢደርሱ ኖሮ የሚድን የነበረ ዓይናቸው አልዳነም። ከጻፈች በኋላ ክሩ ለግማሽ ቀን ዝም አለ። አሥራ አራተኛው ተመልሶ እግዚአብሔር ይማርልሽ ከማለት በቀር ሌላ አልጨመረም።

መልስ 16 እና 17

ከኤምሬትስ የጻፉ ሁለት እህቶች ናቸው። ዱባይና አቡ ዳቢ በመንገድ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ሁለቱም ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። ሆኖም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አውሮፕላን የሚያስብ የለም፤ ሰው በአውቶቡስ ወይም በመኪና በአንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል። አሥራ ሰባተኛዋ ሠርታ ወደ አገር ስትገባ ከአቡ ዳቢ ተነስታ ዱባይ ላይ የምትሳፈረው በዚያው አውቶቡስ ነው፤ ሰዓቱም ዝንፍ አይልም።

ይህ ከእኔ ሐሳብ ጋር የሚጋጭ የመሰላቸው ነበሩ። እኔ እንደ ድጋፍ ነው የምቆጥረው። የሚታመን መንገድ ካለ አጭር በረራ ራሱን በራሱ ያስቀራል። ባሕር ዳርና ጎንደርም እንደዚያ ቢሆኑ ማንም ትኬት አይጠይቅም ነበር። እኔ የምጠይቀው የሚታመነው መንገድ በሌለበት ጊዜ ምን ይሁን ነው።

መልስ 18

ከዋሽንግተን ነው። ከዋሽንግተን ኒውዮርክ በአየር 344 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ካለው ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አነጻጸረ። እዚያ አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ያህል ይበራል፣ ፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያደርሳል፤ ሆኖም ብዙ ሰው ባቡሩን ይመርጣል። ባቡሩ ከከተማ መሃል ተነስቶ ከተማ መሃል ያወርዳል፤ ለአውሮፕላኑ ግን ቀድሞ መድረስ፣ መፈተሽ፣ ከወረዱ በኋላ ደግሞ ታክሲ አለ። ስለዚህ ከቤት በር እስከ ቤት በር ቁጠሩ የሚል ምክር ሰጠ።

ምክሩን ተቀብዬ ለእኛው መስመር ቆጠርኩ። በአዲስ አበባ በኩል፦ ለመነሻው ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ አንድ ሰዓት በረራ፣ ቦሌ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጥበቃ፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ በረራ፣ ከአዘዞ ወደ ከተማ መግቢያ። ሁሉ ቢሳካ ሰባት ሰዓት ነው። ቀጥታ በረራ ቢኖር በዚሁ አቆጣጠር ከሦስት ሰዓት ተኩል አያልፍም። ልብ በሉ፣ ይህ ከሹፌሩ ሦስት ሰዓት አይሻልም። መንገዱ ደህና በሆነ ቀን ሚኒባሱ ያሸንፋል፤ ይህን ማንም ሊክደው አይችልም።

መልስ 19

ከእስራኤል የጻፈች የጎንደር ተወላጅ ናት። ወደ ኤላት የሚበረው አውሮፕላን ቀድሞ ከተማው መሃል ያርፍ ነበር፤ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ሆቴሉ ይሄድ ነበር። በጥር 2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ራሞን የተባለው አዲስ ማረፊያ ሲከፈት 18 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ራቀ። ቴላቪቭ ላይም ከተማው ውስጥ የነበረው ስዴ ዶቭ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ተዘጋ። በሰማይ ላይ ያለው ደቂቃ ያው ነው፤ ጉዞው ግን ረዘመ። ከዚህ ተነስታ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ አካባቢ የታሰበው ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ሲጀምር የአገር ውስጡ መንገደኛ የት ነው የሚሳፈረው ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው በመኪና መዞር ከመጣ ሰባት ሰዓቱም ይናፍቀናል።

መልስ 20

በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ከዌስትሬይ ፓፓ ዌስትሬይ የሚበረው በዓለም አጭሩ መደበኛ በረራ 2.7 ኪሎ ሜትር መሆኑን፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ እንደሚፈጅ፣ 53 ሰከንድ የፈጀበትም ቀን እንዳለ ነገረን። እንደ ተራ ወሬ ነው ያነሳው፤ እኔ ግን ከዚህ የምወስደው አለኝ። ያ በረራ የቀጠለው ለመምህሩ፣ ለሐኪሙና ለታማሚው ነው። ርቀት አጭር ነው ተብሎ አልተሰረዘም፤ በመሃል ባሕር ስላለ።

መልስ 21 እና 22

ሃያ አንደኛው የአእዋፍን ነገር አነሳ። ጣና የወፍ አገር ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ወፍ ወደ ሞተር ገብቶ የደረሰውን አደጋ ጠቀሰ። ሆኖም አውሮፕላኑ ወደ ጎንደር ሲበር እንደነበር ጻፈ። ሃያ ሁለተኛው አረመው፤ በረራ 604 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ይሄድ የነበረ ቦይንግ 737 ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ሲነሳ ርግቦች ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ፤ አብራሪዎቹ ተመልሰው ለማረፍ ሲሞክሩ ማረፊያው ጋ ሳይደርሱ ሜዳ ላይ አረፉ፣ እሳትም ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35ቱ አለፉ። ሃያ ሁለተኛው ያን ቀን የሥራ ባልደረባውን አጥቷል። እርማቱን የጻፈው በቁጣ ሳይሆን በጥንቃቄ ነው፤ ሃያ አንደኛውም አመሰገነው።

መልስ 23

አስጎብኚ ነው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እየተባለ አንዱ ከሌላው ተቀጥሎ ይበርበት የነበረውን ታሪካዊ መስመር አስታወሰን። እንግዳው ጠዋት ጢስ ዓባይን አይቶ፣ በማግስቱ በአጭር በረራ ጎንደር ይወርድ ነበር። ቀጥታው በረራ እንግዲህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የነበረ ነገር ነው። ክርክሬ በዚህ ጸና ማለት ይቻላል።

መልስ 24

አሥራ አንደኛው፣ ጡረተኛው ባለሙያ፣ ተመልሰው መጡ። በአስጎብኚው ነገር ተነሳስተው ቁጭ ብለው አስልተዋል። አንድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደርሶ ቢመለስ 668 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው ጎንደር ደርሶ ቢመለስ 838፤ ድምሩ 1,506 ይሆናል። በሦስት ማዕዘን ቢዞር፣ ማለትም አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ 855 ብቻ ነው። አዲስ አውሮፕላን መግዛት አያስፈልግም፤ ካሉት በረራዎች አንዱን ማጠፍ ይበቃል።

ችግሩንም አልደበቁም። 78 ሰው ገደማ የሚይዘውን አውሮፕላን ሁለት ከተሞች ይጋሩታል ማለት ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው የሚሞሉ ከሆነ መታጠፉ ወንበር ያሳጣል፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚሄደውም ሰው ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ በየቀኑ ሳይሆን ሰው በሚቀንስባቸው ቀናት ቢሞከር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በሳምንት ሁለት ቀን ያልኩት እዚህ ጋ ከእሳቸው ስሌት ጋር ገጠመ፤ ከዚህ ክር የምይዘውና ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ የማቀርበው ይህንን ነው።

መልስ 25 እስከ 28

ሃያ አምስተኛው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ቤተሰቡ ባሕር ዳር ዙሪያ ናቸው። በረራው ቢኖርም እንደማይከፍለው፣ ለእሱ የሚሻለው ሚኒባሱ በሰላም መሄዱ ብቻ እንደሆነ ገለጸ። ሃያ ስድስተኛው መንገዱን ማን እንደዘጋው አነሳ፤ ሃያ ሰባተኛው በብሔርና በፓርቲ ስም እየጠራ መለሰለት። አወያዩ ሁለቱንም ሰርዞ፣ በመልስ 28 ክሩ ወደ ርቀትና ጉዞ ካልተመለሰ እንደሚዘጋ አስጠነቀቀ። ትክክል አደረገ። የተማሪው መልስ በሁለቱ ጠብ መሃል መጥፋቱ ግን ቆጭቶኛል፤ ከሁላችንም በላይ ያን መንገድ የሚመላለሰው እሱ ነው።

መልስ 29

ስለ መንገዱ መልካም ዜና የጻፈው ይህ ሰው ብቻ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ አዲሱ የአባይ ድልድይ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር መውጫ የነበረውን መጨናነቅ አቅልሎታል። አሮጌው ድልድይ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ የቆየን ሁሉ ልዩነቱን እናውቀዋለን።

መልስ 30

የጣሊያን ዘመን ታሪክ የሚወድ ሰው አዘዞ ላይ ጣሊያኖች የአውሮፕላን ማረፊያ እንደነበራቸውና ጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም. በእንግሊዝና በአርበኞች እጅ ስትገባ ውጊያው በዚያ በኩል ማለፉን ጻፈ። ሹፌሩ (መልስ 5) ደግሞ አያቱ ያንን ጦርነት በዓይናቸው እንዳዩ ጨመረ። ሁለቱ በግል መስመር እንዲቀጥሉ ተስማሙ።

መልስ 31 እና 32

ሠላሳ አንደኛዋ በሚቀጥለው ወር የሰማንያ ዓመት እናቷን ይዛ ከባሕር ዳር ጎንደር ትሄዳለች፤ ምን እንደምታደርግ ጠየቀች። ሹፌሩ እንዲህ መከራት፦ ከመነሳቷ ቀደም ብላ መናኸሪያ ሄዳ በዚያው ጠዋት የገባ ሹፌር ትጠይቅ፤ ስልክ ላይ የሚወራውን አትመን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት አትነሳ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላም አትጀምር። እናትየውን ከፊት ያስቀምጣቸው ዘንድ ቀድማ ታስይዝ። መልስ 1 ላይ የጻፈችው ልጅ ደግሞ በአውሮፕላን ከሆነ ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት እንድትቆርጥ መከረች፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛውን የማዛወሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል። ለየብቻ ከተቆረጠ ግን ኪሳራው የመንገደኛው ነው። ለእናትየውም ተሽከርካሪ ወንበር ትኬቱ ሲቆረጥ እንዲመዘገብ አሳሰበች።

ክሩ እስካሁን እዚህ ደርሷል። ከዚህ በኋላ የምትጽፉ በዚህ መስመር የተጓዛችሁበትን ቀን፣ የተነሳችሁበትንና የደረሳችሁበትን ሰዓት፣ በየት በኩል እንደሄዳችሁና ለትኬት ወይም ለመኪና የከፈላችሁትን አብራችሁ ጻፉልኝ። ለማቀርበው ጽሑፍ የሚያስፈልገኝ ይኸው ነው።